ከግድግዳው ጀምር
በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር



አዘጋጅ ኮሚቴው ሲደውልልኝ «ስለ ሙያህ ሃያ ደቂቃ ያህል ተናገር» ነው ያለኝ። ከእኔ በፊት የተናገሩት ስለ ድልድይና ስለ ሆስፒታል ነገሩን፤ ደስ ብሎን ሰማን። እኔ ደግሞ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ አልበራም ስላለ ኮምፒውተር ነው የማወራችሁ። ላለፉት ሃያ ዓመታት ገደማ እንጀራዬን የበላሁት በእሱ ነውና።

የምጀምረው ግን ከጥፋቴ ነው። ጥፋቱን የሠራሁት እዚሁ ግቢ ውስጥ ሲሆን፣ የተበደሉት መምህርት ዛሬ እዚህ አዳራሽ ተቀምጠዋል። ፈቃዳቸውን ስጠይቅ «ስሜን ካልጠራህ ተናገር» ብለውኛል።

ጊዜው 1998 ዓ.ም. ነው። አራተኛ ዓመት ተማሪ ሆኜ ከሰዓት በኋላ በኮምፒውተር ላቦራቶሪው እረዳ ነበር። ካቻቪቴ በኪሴ፣ የዊንዶውስ ሲዲ በቦርሳዬ ይዤ ስዞር ራሴን እንደ ሐኪም ነበር የምቆጥረው። መምህርቷ ያኔ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናታቸውን እየጨረሱ ነበር። ሦስት ወር ገጠር ለገጠር ዞረው ያስሞሉትን መጠይቅ በሙሉ ቢሯቸው ባለው ኮምፒውተር ላይ አስገብተውታል። አንድ ቀን መጡና «ኮምፒውተሬ እየሠራሁበት ድንገት ጠፍቶ እንደገና ይነሳል፤ በተለይ ሲዲ ሳስገባ» አሉኝ።

ይህችን አባባል ልብ በሉልኝ። «በተለይ ሲዲ ሳስገባ።» መልሱን ነግረውኛል፤ እኔ ግን አልሰማኋቸውም። ገና ተናግረው ሳይጨርሱ መልስ ነበረኝ፦ ቫይረስ ነው! በዚያ ዘመን ሁሉ ነገር ቫይረስ ነበር። ማሽኑን ፎርማት አደረግሁት። «ፋይልዎን ሌላ ቦታ አስቀምጠዋል ወይ?» ብዬ እንኳ አልጠየቅሁም። እሳቸውም አልተጠራጠሩም፤ አመኑኝ። ዊንዶውሱን ስጭን ራሱ ማሽኑ ሁለት ጊዜ ጠፋብኝ። ምን አልኩ መሰላችሁ? «ቫይረሱ ኃይለኛ ነው።» ዲስኩ ባዶ ሆኖ ሳለ ቫይረሱ የት ተቀምጦ ነው የሚያጠፋው? ይህን ራሴን አልጠየቅሁም።

በማግስቱ ከፈቱት፤ የሦስት ወር ሥራቸው የለም። በሁለተኛው ቀን ደግሞ ማሽኑ እንደ ልማዱ መጥፋቱን ቀጠለ።

ያን ጊዜ ነው የላቦራቶሪው ቴክኒሻን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው፣ ነገሩን የሰሙት። እቆጣለሁ ብዬ ስጠብቅ አልተቆጡኝም። ወደ መምህርቷ ቢሮ ይዘውኝ ሄዱና «በል ልጄ፣ ከግድግዳው ጀምር» አሉኝ።

ከግድግዳው ጀመርን። መጀመሪያ ሶኬቱን ለኩ፤ ደህና ነው። ስታቢላይዘሩን ለኩ፤ ደህና ነው። የኤሌክትሪክ ገመዱን በሌላ ቀየሩ፤ ለውጥ የለም፤ የድሮውን መልሰው ሰኩት። ከዚያ ሲስተም ዩኒቱን ከፍተው፣ ከፓወር ሰፕላዩ ከሚወጡት ገመዶች ቢጫውንና ጥቁሩን በቴስተር ያዙ። ቢጫው 12 ቮልት የሚሰጠው ነው። ቴስተሩ 11.7 አለ። «አሁን ሲዲ አስገባ» አሉኝ። ሲዲው መሽከርከር ሲጀምር ቁጥሩ ወረደ፤ ከ11 በታች ደረሰና ማሽኑ ጠፋ። ከሌላ ማሽን ደህናውን ፓወር ሰፕላይ አምጥተን ቀየርነው፤ ከሰዓቱን ሙሉ ሲዲ እያስገባን እያወጣን ሞከርነው፤ ዝም ብሎ ሠራ። እኔ «አለቀ» ስል እሳቸው ገና ነው አሉ። አሮጌውን መልሰው ሰኩት። ማሽኑ ጠፋ። «አሁን አለቀ» አሉኝ። «ደህናውን ስታስገባ መዳኑ አይበቃም፤ የታመመውን ስትመልስ ሕመሙ አብሮ ከተመለሰ ነው ያገኘኸው።»

በኋላ አሮጌውን ፓወር ሰፕላይ ከኤሌክትሪክ ነቅለው፣ ብዙ አቆይተው ሲከፍቱት፣ ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች አናታቸው አብጦ ነበር። የዚያን ዘመን ጠጋኞች ይህን አይረሱትም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ በዓለም ዙሪያ የተሸጡ ብዙ ማዘርቦርዶችና ፓወር ሰፕላዮች ፈሳሻቸው በትክክል ባልተሠራ ካፓሲተር ምክንያት ያለ ጊዜያቸው ተበላሽተዋል። ያበጠው ካፓሲተር በዓይን የሚታይ ነበር። መጀመሪያ ማየት ብቻ ነበረብኝ።

እኔ ያጠፋሁት ግን የሰው ሥራ ነው። ደግነቱ የወረቀት መጠይቆቹ አልተጣሉም ነበር። ያን ክረምት ቤተሰቤ ዘንድ አልሄድኩም፤ ከመምህርቷ ጋር ቁጭ ብዬ መጠይቆቹን ከአንድ እስከ መጨረሻው እንደገና አስገባን። ምረቃቸው አንድ ሴሚስተር ዘገየ።

ክቡራትና ክቡራን፣ ከዚያ በኋላ ብዙ ማሽን ከፍቻለሁ። ብልሽት ፍለጋ ማለት ጥፋተኛውን መገመት ሳይሆን ንጹሑን አንድ በአንድ ማስለቀቅ መሆኑን የተማርኩት ግን በዚያ ሳምንት ነው። ጋሼ ያስተማሩኝን ቅደም ተከተል ዛሬም አልቀየርኩትም፤ ባጭሩ ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ማሽኑን ከመክፈትህ በፊት ጆሮህን ክፈት። መቼ ጀመረው? ከዚያ በፊት ምን ተቀየረ? መብራት ሄዶ መጥቶ ነበር? ማሽኑ ከቦታው ተነስቶ ነበር? ሲሞቅ ነው ወይስ ገና ሲነሳ? የተጠቃሚው ቃል ማስረጃ ነው። «ዝም ብሎ ነው የተበላሸው» የሚል ሰው እንኳ ሁለተኛ ሲጠየቅ አንድ ነገር ያስታውሳል።

ሁለተኛ፣ ዳታውን አድን። ዲስኩ እየተንቀጫቀጨ ከሆነ ደጋግሞ ማብራት መግደል ነው። መጀመሪያ ሌላ ቦታ መገልበጥ፣ ከዚያ መመርመር። ዲስኮች ስለ ራሳቸው ጤና የሚመዘግቡት ስማርት የሚባል መረጃ አለ፤ ጠቃሚ ነው፤ ግን አትተማመኑበት። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2007 ከአንድ መቶ ሺህ በላይ ዲስኮችን አጥንቶ ባወጣው ጽሑፍ፣ ከተበላሹት ዲስኮች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ዋና በሚባሉት አራት የስማርት ምልክቶች ላይ ምንም አላሳዩም ነበር። ዲስክ ሳይናገር ሊሞት ይችላል ማለት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ በዚያው መዝገብ ውስጥ የዝውውር ስህተት ብቻ እየጨመረ ከሆነ፣ ዲስኩን ከመጣላችሁ በፊት ገመዱን ቀይሩ። ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ ርካሹ ገመድ ነው።

ሦስተኛ፣ ከግድግዳው ጀምር። ሶኬት፣ ገመድ፣ ስታቢላይዘር፣ ፓወር ሰፕላይ፤ ከዚያ ነው ማዘርቦርድ። ለ12 ቮልት የሚፈቀደው ከፍና ዝቅ አምስት በመቶ ነው፤ ማለትም ከ11.4 እስከ 12.6። ለ5 ቮልቱ ደግሞ ከ4.75 እስከ 5.25። የሚለካውም ማሽኑ ሥራ ላይ እያለ ነው። «ፋኑ ይዞራል፤ ስለዚህ ፓወር ሰፕላዩ ደህና ነው» የሚባለውን አትመኑ። ፋን ለመዞር ብዙ አይጠይቅም፤ ፕሮሰሰር ግን ይጠይቃል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የፓወር ሰፕላዩን ሳጥን ራሱን አትክፈቱ። ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ሰው የሚጎዳ ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል። ጋሼ የከፈቱት ሙያቸው ስለሆነ ነው፤ እኔን ከጎናቸው ራቅ አድርገው አቁመውኝ ነበር።

አራተኛ፣ ማሽኑን አራቁተው። አልበራም ካለ፣ ማዘርቦርዱን፣ ፕሮሰሰሩን፣ አንድ ራምና ፓወር ሰፕላዩን ብቻ አስቀርታችሁ ሌላውን ሁሉ ንቀሉ። ያኔ ከተነሳ፣ የነቀላችሁትን አንድ በአንድ መልሱ፤ አንዱ ላይ ይቆማል። ካልተነሳ ደግሞ ራሙንም አውጡትና አብሩት። ማሽኑ የድምፅ ማውጫ ካለውና ከጮኸ ደስ ይበላችሁ! «ራም የለኝም» እያለ ነው። ይህን ማለት የቻለ ማዘርቦርድና ፕሮሰሰር በሕይወት አለ። ጩኸቱ ስንት ጊዜ እንደሆነ ቁጠሩ፤ ትርጉሙ ከአምራች አምራች ስለሚለያይ የማዘርቦርዱን መጽሐፍ ተመልከቱ።

አምስተኛ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይር፤ የቀየርከውንም ጻፍ። ራሙንም፣ ገመዱንም፣ ዊንዶውሱንም በአንድ ከሰዓት ከቀየርክ፣ ማሽኑ ቢድንም ምን እንዳዳነው አታውቅም። ነገ ሲመለስ ከዜሮ ትጀምራለህ።

እነዚህን ነገሮች ሰው ሲሰማ ቀላል ናቸው ይላል። ቀላል ናቸው። ከባዱ ችኩልነትን ማሸነፍ ነው። አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። አንድ መሥሪያ ቤት «ኢንተርኔታችን ሞቷል» ብለው ጠሩኝ። ኔትወርኩን የሚያውቁ ልጆች ሁለት ቀን ለፍተዋል። ቀና ብዬ የማሽኑን ሰዓት ሳይ፣ ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ሄዷል። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር 2032 የምትባል የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ አልቃለች። መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱ ወደ መነሻው ይመለሳል። ድረ ገጾች ደግሞ የደኅንነት ሰርተፊኬታቸው የሚሠራበት ቀን ስላለው፣ ቀኑ የተሳሳተ ማሽን ሁሉንም አላምንም ይላል። ሁለት ቀን ያስለፋው ብልሽት የአንዲት ትንሽ ባትሪ ነበር። ባለሙያዎቹ ሰነፎች አልነበሩም። የሚያውቁት ኔትወርክ ስለሆነ ኔትወርክ ውስጥ ፈለጉ። ሁላችንም እንደዚያው ነን፤ የጠፋብንን ብርሃን ባለበት እንፈልጋለን።

ራም ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ምክንያቱም ይዋሻል። ዛሬ ዎርድ ይዘጋል፣ ነገ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል፣ ከነገ ወዲያ ፋይል ተበላሸ ይላል። ሰው ሦስት የተለያየ ችግር ይመስለዋል። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲና የጉግል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት፣ በጉግል ማሽኖች ውስጥ ካሉት የራም ካርዶች በዓመት ከ8 በመቶ በላይ የሚሆኑት ስህተት አሳይተዋል። እነዚያ ስህተቱን የሚያርም ራም ያላቸው ሰርቨሮች ናቸው። የእኛ ቢሮ ማሽን ግን ስህተቱን አያርምም፤ አይነግረንምም። ስለዚህ ምክንያቱ የማይታወቅ ብልሽት ሲገጥማችሁ፣ መጀመሪያ ራሙን አውጥታችሁ የመዳብ ጫፉን በንጹሕ ላጲስ ጠረግ አድርጉና መልሱት። ካልሆነ ሜምቴስት የሚባለውን መመርመሪያ ሌሊቱን ሙሉ አስኪዱት። አንድ ዙር አይበቃም።

ለመምህራን ደግሞ የምወደውን ታሪክ ልንገር። እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ ቨርጂኒያ፣ ሊንችበርግ ኮሌጅ የሚያስተምሩ ቶማስ ናይስሊ የሚባሉ የሒሳብ ፕሮፌሰር ነበሩ። ፕራይም ከሚባሉት ቁጥሮች መካከል እንደ 11 እና 13 በሁለት ብቻ የሚራራቁትን ጥንዶች ያጠኑ ነበር። በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ሲያሰሉ፣ አዲስ የጨመሩት የፔንቲየም ማሽን ያወጣው ውጤት ከሌሎቹ ጋር አልገጥም አላቸው። «ፕሮሰሰሩ ተሳስቷል» ብለው አልጮኹም። የራሳቸውን ፕሮግራም መረመሩ፣ ፕሮግራሙን የሚተረጉመውን ሶፍትዌር መረመሩ፣ ማዘርቦርዱን ተጠራጠሩ፣ ሌላ ማሽን ላይ ሞከሩ። ወራት ፈጀባቸው። ሌላው ሁሉ ንጹሕ ሆኖ ሲቀር ነው በጥቅምት ወር ለኢንቴል ያሳወቁት። ስህተቱ በእርግጥ የፕሮሰሰሩ ነበር፤ ቁጥር ሲያካፍል አልፎ አልፎ ይሳሳታል። ኢንቴል በታኅሣሥ ወር ለጠየቀ ሁሉ ፕሮሰሰሩን እንደሚቀይር አስታወቀ፤ ወጪውንም 475 ሚሊዮን ዶላር ብሎ መዘገበ። አንድ የኮሌጅ መምህር ያን ግዙፍ ኩባንያ ያሳመኑት ንጹሑን ሁሉ አስለቅቀው ስለመጡ ነው። ይህ የጥገና ብቻ ሳይሆን የምርምር ሥነ ምግባር ይመስለኛል።

አሁን ወደ መጣሁበት ጉዳይ ልግባ። የየመሥሪያ ቤቱን መጋዘን ገብቼ አይቻለሁ። «ተበላሽቷል» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ኮምፒውተር እስከ ጣሪያ ተቆልሏል፤ በሞዴል 19 ገብቶ የሚወገድበትን ቀን ይጠብቃል። ወረቀቱ ላይ ግን ምኑ እንደተበላሸ አልተጻፈም። በአንድ ወቅት ከእንዲህ ያለው ክምር ሦስት ማሽን አነሳሁ። አንዱ ፓወር ሰፕላይ ብቻ ነበር የጎደለው፤ አንዱ ራሙ ተነቃንቆ ነው፤ ሦስተኛው ማዘርቦርዱ በእርግጥ ሞቷል፤ የእሱም ራምና ዲስክ ግን ደህና ነበሩ። ምርመራ የሌለው ፍርድ ነው ሦስቱንም እኩል ሬሳ ያደረጋቸው።

ከውጭ አገር ለመጣችሁ ወንድሞችና እህቶች ደግሞ አንድ አደራ አለኝ። ከአሜሪካ ኮምፒውተር ሰብስባችሁ ለትምህርት ቤቶች ስትልኩ እግዚአብሔር ይስጥልን። ግን የድሮዎቹ ፓወር ሰፕላዮች ከኋላቸው 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማብሪያ አላቸው። የእናንተ አገር መብራት 120 ቮልት ስለሆነ 115 ላይ ተደርጎ ይመጣል። እዚህ 220 ቮልት ላይ ሲሰካ ጧ! ይላል፤ ጭስ ይወጣል፤ ያ ሁሉ ድካም በአንድ ሰከንድ መጋዘን ይገባል። ብዙ ጊዜ የሞተው ፓወር ሰፕላዩ ብቻ ነው፤ ማሽኑ ግን አብሮ ይቀበራል። ከመጫናችሁ በፊት ያቺን ማብሪያ በጣታችሁ 230 ላይ አድርጓት፤ ወጪ የለውም። ከሃያ ኮምፒውተር ጋር ደግሞ ሁለት ትርፍ ፓወር ሰፕላይ፣ ጥቂት ራምና አንድ ቴስተር ጨምሩ። ደህና መሆኑ የታወቀ መለዋወጫ የሌለው ጠጋኝ ከመገመት በቀር ምንም ማድረግ አይችልም።

ለዩኒቨርሲቲያችን የማቀርበው ሐሳብም ትንሽ ነው። ማንኛውም ኮምፒውተር ይወገድ ከመባሉ በፊት በተማሪዎች ጠረጴዛ ላይ ይለፍ። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ቴስተር፣ ደህና መሆናቸው የተረጋገጠ መለዋወጫዎች፣ አንድ ደብተር። ተማሪው ምን እንዳየ፣ ምን እንደለካ፣ ምን ቀይሮ ምን እንደሆነ ይጻፍ፤ መምህሩ ይፈርምበት። ማሽኑ ባይድን እንኳ ተማሪው ይማራል። እኛ የቀድሞ ተማሪዎች መለዋወጫውን ማሟላት አያቅተንም። እኔ በበኩሌ የመጀመሪያውን ጠረጴዛ ከነመሣሪያው ለማቅረብና በወር አንድ ቅዳሜ መጥቼ ከተማሪዎቹ ጋር ለመሥራት ቃል እገባለሁ። ይህም በደብተሩ ይያዝልኝ።

ጋሼ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ነፍሳቸውን ይማር። ያቺ ቴስተራቸው ግን እኔ ዘንድ ናት፤ እስካሁን ትሠራለች።

መምህርቷን ዛሬ ጠዋት በር ላይ አገኘኋቸው። አቅፈው ሳሙኝና የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ምን ነበር መሰላችሁ? «አሁንስ ከመክፈትህ በፊት ትጠይቃለህ?» አዎ መምህሬ፤ እጠይቃለሁ። ፋይልዎን ሌላ ቦታ አስቀምጠዋል ወይ ብዬ ነው የምጀምረው።